በኮፒ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ የተከማቸው የሰው መታወቂያ ምን ይደረግ?

ኮፒ_ቤት | ሰኞ፣ ጠዋት 3፡40

ጤና ይስጥልኝ።

ባሕር ዳር፣ ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ በር ብዙ ሳይርቅ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የኅትመት ሱቅ አለችኝ። ቀድሞ ገበያችን የመመረቂያ ጽሑፍ ጥረዛና ሲቪ ነበር፤ ከጊዜ ወዲህ ግን ከሥራችን ግማሽ የሚሆነው የፋይዳ መታወቂያ ማተም ሆኗል። ደንበኛው ስልኩ ላይ ያለውን ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እኔም በሱቁ ኮምፒውተር ከፍቼ፣ መጠኑን አስተካክዬ፣ በፕላስቲክ ካርድ አትሜ እሰጠዋለሁ፤ ሰውየው ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ፋይሉ ግን አብሮት እንደማይሄድ ያስተዋልሁት ገና ባለፈው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ከቀትር በኋላ አንድ ጎልማሳ ሰው ገባና የአንዲት ሴት ስም እስከ አያቷ ጠርቶ፣ «እዚህ መታወቂያ አሳትማለች፤ ፋይሉ አለህ አይደል? አድራሻዋን ለማየት ነው» አለኝ። ከየት እንደመጣ ስጠይቀው «ከመሥሪያ ቤት ነኝ» አለ እንጂ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልነገረኝም፤ ወረቀትም አላሳየኝም። አነጋገሩ ትሑት ነበር። እኔም «እኛ ፋይል አናስቀምጥም» ብዬ መለስሁለት፤ አመስግኖ ወጣ። እርሱ ከወጣ በኋላ ግን ልቤ አላረፈልኝም። የወረዱ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን ቦታ ከፍቼ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» በሚለው ፎልደር ብገባ ኮምፒውተሩ ከ4,000 በላይ ፋይል ቆጠረልኝ። የሴትዮዋን ስም ስጽፍበት ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ፊቴ ላይ ወጣች፤ ከነፎቶዋ፣ ከነትውልድ ቀኗ፣ ከነክፍለ ከተማዋ፣ ከነስልክ ቁጥሯ።

ስለዚህ ሳላውቀው ሰውየውን ዋሽቼዋለሁ። መንግሥት ይሁን፣ አበዳሪ ይሁን፣ የተጣላ ባል ይሁን እስካሁን አላወቅሁም፤ ፎልደሩም ቢሆን ማንነቱን አይጠይቀውም ነበር። እኔ ባልኖር ኖሮ የሱቁ ልጅ በቅን ልቦና አውጥቶ ያሳየው እንደነበር ግን እርግጠኛ ነኝ። ይህን ሁሉ ፋይል ማጥፋት አለብኝ? ማስቀመጤስ በሕግ ያስጠይቀኛል? ከእንግዲህስ እንዴት ልሥራ? ዕውቀቱ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

አባይ_ማዶ | ሰኞ፣ ጠዋት 4፡15

ወንድሜ፣ ጥንቃቄህን አደንቃለሁ፤ ሆኖም ከሚገባው በላይ ተጨንቀሃል ባይ ነኝ። ፒዲኤፉ ላይ ያለው ነገር ሁሉ አስቀድሞ በመንግሥት እጅ ያለ ነው። የአሥር ጣቶቼን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቼን አይሪስና የፊቴን ፎቶ ሰጥቼ የተመዘገብሁት ወድጄና ፈቅጄ ነው፤ መንግሥት የአንዲትን ሴት አድራሻ ከፈለገ አንተ ሱቅ ድረስ መጥቶ አይለምንም። ጎግልም ቢሆን የት እንዳመሸሁ ከባለቤቴ ቀድሞ ያውቃል። በሰላም ሠርቶ የሚያድር ሰው ምን የሚሸሽገው ነገር አለ? ፋይሎቹ ቦታ ካጣበቡብህ አጥፋቸውና ሥራህን ሥራ።

ችሎት | ሰኞ፣ ቀን 6፡30

ለኮፒ ቤት ባለቤት፤ የጠየቅኸው የሕግ ጥያቄ በመሆኑ ከሕጉ ልነሣ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የእያንዳንዱን ሰው የግል ሕይወት የመከበር መብት ይደነግጋል፤ በደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም እንደማይደፈር ያክላል። ይህ ለብዙ ዓመታት በተግባር የሚያስፈጽመው ዝርዝር ሕግ ሳይኖረው ቆይቶ፣ በ2016 ዓ.ም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አዋጁ የሚለውን ወደ አንተ ሱቅ ባወርደው፣ አንድ መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ ነው፤ ለዚያ ዓላማ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰበሰብም፤ ዓላማው ሲያበቃም አይቀመጥም። የአንተ ዓላማ ማተም ነው። ካርዱ ታትሞ ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ ያ ፋይል አንተ ዘንድ የሚቆይበት ምክንያት የለም። ሕጉ ግዴታውን የሚጥለው በትላልቅ ድርጅቶች ላይ ብቻ እንዳልሆነ፣ ግለሰብ ነጋዴም የሌላውን ሰው መረጃ በሥራው ምክንያት ከያዘ ሊጠየቅ እንደሚችል በእኔ ንባብ ግልጽ ነው። ሆነ ብለህ ያደረግኸው ስላልሆነ አትደንግጥ፤ ነገር ግን ካወቅህ በኋላ አስቀምጠህ መቆየትህ ሌላ ነገር ነው።

ስለመጣው ሰው አንድ ቃል ልጨምር። የመንግሥት ሠራተኛም ቢሆን የሰው መረጃ የሚጠይቀው በሕግ ሥልጣን በተሰጠው መሥሪያ ቤት ስም፣ በጽሑፍ፣ እንደ ነገሩ ሁኔታም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። «ከመሥሪያ ቤት ነኝ» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም። ዳግመኛ ከመጣ «ደብዳቤ ይዘው ይምጡ» በለው፤ ይህን ማለት መብትህ ብቻ ሳይሆን ግዴታህም ነው።

ጣና_ዳር_ጡረተኛ | ሰኞ፣ ማታ 2፡05

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሌላ የቆየ መዝገብ ፊቴ ድቅን አለብኝ። ረዘም ብሎ ከመጣ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

በ1967 ዓ.ም ሐምሌ ወር አዋጅ ቁጥር 47 ታውጆ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ቀበሌዎች የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተብለው ተቋቋሙ፤ የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነ ቤትም በቀበሌ ሥር ገባ። እኔ ያን ጊዜ እዚሁ ባሕር ዳር ተማሪ ነበርሁ። የእጅ ጽሑፌ ያምር ስለነበር ቤት ለቤት እየዞሩ ከሚመዘግቡት ጋር መዝገብ ጻፍ ተብዬ ተላክሁ። መዝገቡ ጀርባው ጥቁር፣ ወርዱ ከክንዴ የሚበልጥ ነበር። የቤት ቁጥር፣ የአባወራው ስም፣ በቤቱ የሚያድሩት ሁሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፤ በስተመጨረሻ «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ ነበረው፤ መዝገብ የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው ልዩ ማስታወሻ የሚጻፍበት ማለት ነው። ሕዝቡ በደስታ ነበር የሚያስመዘግበን። በየቤቱ ቡና ይፈላልን ነበር። በኋላ ስኳሩም ሌላውም በቀበሌ ሱቅ በራስ ቁጥር የሚታደል ሲሆን፣ ለእንግድነት የመጣ የአክስት ልጅ ሳይቀር «እርሱም ይጻፍልን» ይሉን ጀመር፤ እኔም እጽፍ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ደርግ ተቃዋሚዎቹን ቤት ለቤት የሚያሳድድበት የአሰሳው ዘመን መጣ። አሳሾቹ ወደ ሰፈራችን ሲገቡ ያንኑ መዝገብ በብብታቸው ይዘው ነበር። «በዚህ ቤት ስድስት ሰው ተጽፏል፤ ያለው አምስት ነው፤ ስድስተኛው የት ሄደ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ለስኳር ብሎ የተጻፈው የአክስት ልጅ ተፈለገ፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። «ምርመራ» የተባለው ዓምድም እንደ ስሙ ሆነ። መዝገቡን ክፉ ያደረገው የጻፈው ሰው አልነበረም፤ እኔ የ17 ዓመት ልጅ ነበርሁ፣ የማውቀው ስለ ኪራይና ስለ ስኳር ብቻ ነው። የተጻፈው ግን ተጽፎ ቆየ፤ የሚያነበው ሰው ተለወጠ።

አባይ ማዶ የተባልኸው ልጄ «ምን የሚሸሽገው አለ» ብለሃል። ያ ልጅም የሚሸሽገው ነገር አልነበረውም፤ ቢኖረውማ አይጻፍም ነበር።

ፖሊ_2004 | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡50

ጋሼ፣ የጻፉትን እጄን አፌ ላይ ጭኜ ነው ያነበብሁት። ዕድሜ ይስጥልን።

እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ ስለሆንሁ ለኮፒ ቤት ወንድማችን የሙያዬን ላካፍል። ፋይሉን ከፎልደሩ ማጥፋት ብቻውን ብዙም አይፈይድም። መጀመሪያ ወደ ሪሳይክል ቢን ይሄዳል፤ ከዚያም ስታጠፋው ኮምፒውተሩ «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ብሎ ምልክት ያደርጋል እንጂ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ መረጃው ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፤ በነፃ በሚወርድ ፕሮግራምም ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። አሮጌው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ከሆነ ላዩ ላይ ደጋግሞ የሚጽፍ ማጥፊያ ፕሮግራም አለ። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ ግን ያ ዘዴ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ከመነሻው ዲስኩን በሙሉ በይለፍ ቃል ማመስጠር ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ቴሌግራም ራሱ ነው። ብዙ ሰው የቴሌግራም መልእክት በምስጢር የተዘጋ ይመስለዋል። ተራው የቴሌግራም ውይይት ግን የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳይከፍተው ሆኖ የሚዘጋው «ሚስጥራዊ ውይይት» የሚባለው ብቻ ሲሆን፣ እርሱም አንተ ሱቅ ውስጥ ባለው የዊንዶውስ ቴሌግራም ላይ የለም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ያጠፋኸው ፒዲኤፍ በሱቁ አካውንት ውይይቶች ውስጥ አሁንም ቁጭ ብሏል ማለት ነው። ውይይቶቹን «ለሁለቱም ወገን አጥፋ» በሚለው አጥፋቸው፤ ለወደፊቱም በአንድ ቀን ራሳቸውን እንዲያጠፉ የጊዜ ገደብ አድርግባቸው። ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘጋዋል፤ ማን ለማን በስንት ሰዓት እንደላከ ግን ኩባንያው ያውቃል።

ሦስተኛውን ብዙ ኮፒ ቤት አያውቀውም። ትልልቆቹ የኮፒ ማሽኖች በሆዳቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው፤ ስካን ያደረግኸውንና ኮፒ ያነሣኸውን ምስል ሊያስቀሩ ይችላሉ። ያገለገለ ማሽን ስትሸጥ የደንበኞችህን ወረቀት አብረህ እየሸጥህ ሊሆን ይችላል።

«ጎግል ያውቃል» ለተባለውም አንድ ልበል። ስልክ በባሕርዩ የት እንዳለ ሳይናገር መሥራት አይችልም። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሻገር አንድም ጥሪ ባታደርግ ኔትወርኩ በየትኛው አካባቢ እንዳለህ ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ የሚደወልልህን ሊያደርስልህ አይችልም። ይህ ስለላ አይደለም፣ የሥራው ጠባይ ነው። ጥያቄው ያ መዝገብ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጣል፣ ማንስ ያየዋል የሚለው ነው፤ ጋሼ ስለ ጥቁሩ መዝገብ የነገሩን ማለት ነው።

እታለም | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡10

ሁላችሁም የጻፋችሁት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ሰው እንኳ ያላነሣው ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

ከሁለት ዓመት በፊት የስልኬ መስታወት ተሰብሮ ለጥገና ሰጥቼ ነበር። «መሥራቱን ለማየት ነው» ስለተባልሁ የመክፈቻውን ምልክት ወረቀት ላይ ስዬ ሰጠሁ። ስልኬን በማግሥቱ ወሰድሁ። ሳምንት ሳይሞላው ከማላውቀው ቁጥር አንድ ፎቶ ተላከልኝ፤ ፎቶው የራሴ ነው፣ ከስልኬ ማኅደር ውጪ የትም አልነበረም። ከሥሩ «ደህና ነሽ?» ይላል። ሌላ ምንም አልተጻፈበትም። ማን እንደሆነ ዛሬም አላወቅሁም፤ ማንንም በስም ለመክሰስም ማስረጃ የለኝም። ቁጥሬን ቀየርሁ፤ ሰፈሬንም ለመቀየር ተቃርቤ ነበር።

ወንዶች ስለ ክትትል ስታወሩ ዓይናችሁ መንግሥት ላይ ነው። መንግሥትን እኔም እፈራለሁ፤ ግን በምሽት ስወጣ ወደኋላ የሚያዞረኝ መንግሥት አይደለም። «ግላዊነት» የሚለው የሕግ ቃል ለእናቴ ምንም አይነግራትም፤ «ገመና» ብላት ግን ወዲያው ይገባታል። ገመና ወንጀል አይደለም፤ የሚያሳፍርም ላይሆን ይችላል። የእኔ ስለሆነ ብቻ የሚሸፈን ነገር ነው። አባይ ማዶ ቤቱ በር ያለው ሌባ ስለሆነ ነው?

ወደ ዋናው ልመለስ። ኮፒ ቤት፣ ወንድሜ፣ አንድ ያልታወቀ ሰው እየፈለጋት መሆኑን ለዚያች ሴት ነግረሃታል?

አባይ_ማዶ | ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ 10፡20

እህቴ፣ ስለደረሰብሽ ነገር አዝናለሁ፤ የበሩንም ነገር ተቀብያለሁ። ጋሼ የጻፉትንም ለአባቴ አንብቤለት ዝም ብሎ ቆይቶ «እውነቱን ነው» ብሎኛል። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ ወደ ፋይዳ ጥላቻ እንዳይሄድ ስለምፈራ አንድ ነገር እንድል ፍቀዱልኝ።

የድሮውን የቀበሌ መታወቂያ አስታውሱት። በብዙ ቦታ «ብሔር» የሚል መስመር ነበረው። ይህች አንዲት መስመር በየፍተሻ ኬላው ስንቱን ሰው እንዳስጨነቀች እዚህ መዘርዘር አያስፈልገኝም። ፋይዳ ብሔርም ሃይማኖትም አይጠይቅም፤ የሚይዘው ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ ዜግነት፣ አድራሻ፣ አሻራ፣ አይሪስና የፊት ፎቶ የመሳሰለውን ነው። መነሻ የሆነው አዋጅ ቁጥር 1284/2015ም የተመዘገበ መረጃ ያለባለቤቱ ፈቃድ ወይም ያለ ሕግ እንዳይገለጥ ይከለክላል። ባለ 12 አኃዙ ዋና ቁጥር እንዳይንገላታም በእርሱ ፋንታ የሚሰጥ ባለ 16 አኃዝ ተለዋጭ ቁጥር አለው። ሳይጠየቅ የቀረን ነገር ማንም ሊሰርቀው አይችልምና፣ ለእኔ ይህ ከማንኛውም መቆለፊያ ይበልጣል። ክፉው መዝገብ የሚበዛ ነገር የሚጽፈው መዝገብ ነው።

ችሎት | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡30

አባይ ማዶ አሁን የጻፍኸውን እኔም እስማማበታለሁ፤ «ሳይጠየቅ የቀረ» ያልኸው የአዋጅ 1321 ዋና መርሕ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ አንድ በመሆኑ አዲስ ነገር ያመጣል። ቀድሞ ባንኩ በአንድ ስም፣ ቴሌው በሌላ አጻጻፍ፣ ግብሩ በሦስተኛ ያውቀን ነበር፤ መዝገቦቹን ለማገጣጠም የሚፈልግ ሰው ብዙ ይደክም ነበር። አንድ ቁጥር በሁሉም ላይ ሲገባ ድካሙ ይቀራል። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. «አዳር» የተባለውን ባለ 12 አኃዝ የሀገሪቱን መታወቂያ ቁጥር ሕጋዊነት ቢያጸናም፣ የግል ኩባንያዎች ሰውን በእርሱ እንዲለዩ የሚፈቅደውን ድንጋጌ ሽሮታል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2021 እ.ኤ.አ. «ሁዱማ ናምባ» የተባለውን የሀገሪቱን መታወቂያ አካሄድ ያገደው፣ በሰዎች መረጃ ላይ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳት አስቀድሞ አልተገመገመም ብሎ ነው።

ስለ መንግሥት ክትትል ሕጋችን የሚለውን እንነጋገር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲይዙ ያዛል፤ ፖሊ ላነሣው «ስንት ጊዜ ይቀመጣል» ለሚለው አንዱ መልስ ይህ ነው። ግንኙነትን መጥለፍ በመርሕ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል፤ በአስቸኳይ ጊዜ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ (ሥልጣኑ አሁን የፍትሕ ሚኒስቴር ነው) ፈቃድ ሊጀመር ይችላል፣ ምክንያቱ ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መቅረብ አለበት። በወረቀት ላይ ያለው ይህ ነው።

ወረቀቱና ተግባሩ ምን ያህል እንደሚራራቁ ደግሞ የቅርብ ታሪካችን ይናገራል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በምርመራ ላይ ሳሉ የስልክ ጥሪዎቻቸው ዝርዝርና የተቀዳ ድምፃቸው እንደቀረበላቸው የተናገሩ ሰዎችን ቃል አስፍሯል። በዚያው ዓመት በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ በውጭ ሀገር ያሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ኮምፒውተሮች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደሆኑ ገለጸ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው፤ በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ሃኪንግ ቲም ራሱ ተሰብሮ 400 ጊጋ ባይት የሚሆን የውስጥ ሰነዱ፣ ደንበኞቹን ከነደረሰኛቸው ጨምሮ፣ ለዓለም ተዘረገፈ። የሰውን ጓዳ ለመክፈት የሚከፈለው ድርጅት የራሱን ጓዳ መዝጋት አልቻለም። በዚህ ዓይን ሲታይ የወንድማችን የፕላስቲክ ካርድ ሱቅና የጣሊያኑ ኩባንያ አንድ ችግር ነው ያለባቸው፤ ያስቀመጡት ነገር አለ።

እታለም ላነሣችው ጥያቄ አዋጁ መልስ አለው። መረጃ ሲያፈተልክ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ይገባል፤ ጉዳቱ ከበድ የሚል ከሆነም የመረጃው ባለቤት እንዲያውቅ ይደረጋል። እዚህ ላይ መረጃው አልወጣም፤ ስለዚህ ሕጉ በቀጥታ አያስገድደውም ብሎ መከራከር ይቻላል። እኔ ግን ጠበቃው ብሆን «ንገራት» ነው የምለው።

የደቅ_ልጅ | ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡45

ስለ ማጥፋት ሁላችሁም ተስማምታችኋል፤ እኔ ትንሽ ላስቸግራችሁ።

አባቴ በደቅ ደሴት ዓሣ አስጋሪ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የናይለን መረብ ሲጎትት የጣቶቹ ቆዳ ልሞ እንደ ወንዝ ጠጠር ሆኗል። ለምዝገባ ሲቀርብ ማሽኑ አሻራውን አላነብም ብሎ፣ መዝጋቢዋ ልጅ ጣቱን በሶፍት እየጠረገች ደጋግማ ሞከረች፤ በመጨረሻ ዓይኑ ነው ያወጣው። «እጄን ሐይቁ በላው፣ ዓይኔን ተወልኝ» ብሎ መዝጋቢዋን አሳቃት።

አባቴ ስማርት ስልክ የለውም። ፒዲኤፉን ያወረደለት ባሕር ዳር ያለ አንድ ኮፒ ቤት ነው፤ በቁልፍ ስልኩ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ጮክ ብሎ አንብቦለት፣ ሱቁ ሁሉ እየሰማ። እርግጥ ነው አደገኛ ነው። ነገር ግን ካርዱ ውኃ ውስጥ ሲገባበት (ሁለት ጊዜ ገብቶበታል) ከደቅ ተሻግሮ ያሳተመው ያ ኮፒ ቤት ፋይሉን ስላስቀመጠለት ነው። እናንተ ጋ ፎልደሩ አደጋ ነው፤ አባቴ ጋ የሚያውቀው ብቸኛ ሣጥን ነው። ስታጠፉ ለእንደ እርሱ ያለው ሰው ምን ትሰጡታላችሁ?

ፖሊ_2004 | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡00

የደቅ ልጅ፣ እውነት ብለሃል። ዋናው መዝገብ በብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም ዘንድ ስላለ አባትህ በቁጥራቸውና በስልካቸው ሌላ ቅጂ በማንኛውም ጊዜ ማውጣት ይችላሉ፤ ለጥንቃቄ ደግሞ ፋይሉን በአንተ ስልክ ብታስቀምጥላቸው ሣጥኑ ቤተሰብ ውስጥ ይሆናል። ማረጋገጫ ቁጥሩን ግን ጮክ ብለው አያንብቡ፤ ስልኩን ያሳዩት።

በግል መልእክት ስለ ቪፒኤን (የኢንተርኔት ግንኙነትን በሌላ ድርጅት በኩል አዙሮ ስለሚያሳልፈው መተግበሪያ) ለጠየቃችሁኝ አጭር መልስ፦ በ2015 ዓ.ም ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲዘጉ ሁላችንም ያገኘነውን ነፃ ቪፒኤን ጭነን ነበር። ቪፒኤን የምታየውን ነገር ከቴሌው ይሰውረዋል፤ ለቪፒኤኑ ባለቤት ግን ያሳየዋል። ኦናቮ የተባለውን ቪፒኤን ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. ገዝቶ፣ «ይጠብቃችኋል» እያለ ሰዎች የትኛውን መተግበሪያ እንደሚያዘወትሩ ይሰልልበት ነበር፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ዘጋው። ያኔ የጫናችሁት አሁንም ስልካችሁ ላይ ካለ አንሡት።

ኮፒ_ቤት | ረቡዕ፣ ቀን 8፡25

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። የእታለም ጥያቄ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። አልነገርኋትም፤ አላሰብሁበትምም ነበር።

አሁን ልነግራት ስነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ሴትዮዋን በመልክ አላስታውሳትም፤ ስልክ ቁጥሯ ያለኝ ከዚያው ፋይል ነው። ልደውልላት ካልሁ «ለማተም» ብላ ከሰጠችኝ ወረቀት ላይ ቁጥሯን አውጥቼ ለሌላ ጉዳይ ልጠቀምበት ነው። ያ ሰው ከጠየቀኝ ነገር ይህ በምን ይለያል? ደግሞስ የማታውቀው ወንድ ደውሎ «ሰው እየፈለገሽ ነው» ቢላት እኔን ራሴን አትፈራኝም?

እታለም | ረቡዕ፣ ቀን 8፡40

ልዩነቱ እርሱ ለራሱ ፈልጎ ነው፤ አንተ ለእርሷ ነው። ግን ስጋትህ ትክክል ነው። አንተ አትደውል፤ ሱቅ ውስጥ ሴት ካለች እርሷ ትደውል፣ የሱቁን ስምና ያለበትን ቦታ አስቀድማ ትናገር፣ ቁጥሩን ከየት እንዳገኘች ሳትጠየቅ ትንገራት። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ የምትለውን አድርጉ።

ኮፒ_ቤት | ዓርብ፣ ማታ 2፡15

የሆነውን ልንገራችሁና ክሩን ልዝጋው።

ሐሙስ ጠዋት እህቴ ደወለችላት፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። እታለም እንዳለችው ከሱቁ ስም ጀምራ ሁሉንም ነገረቻት። ሴትዮዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አልሰጣችሁትም?» አለች። እህቴ «አልሰጠነውም» ስትላት ትንፋሿ በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ። ሰውየው ማን እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅናትም፤ እርሷም አልነገረችንም። «እባካችሁ የእኔን አጥፉት» ብላ ዘጋች።

መጀመሪያ ያጠፋሁት የእርሷን ነው። ከዚያ ፖሊ እንዳስተማረኝ ውይይቶቹን ከቴሌግራሙ በሁለቱም ወገን፣ ፎልደሩን ከነሪሳይክል ቢኑ አጠፋሁ፤ የኮምፒውተሩ ዲስክ አሮጌው ዓይነት ስለሆነ ማጥፊያ ፕሮግራሙን ጭኜ ሌሊቱን ሲጽፍበት አደረ። በሩ ላይ «ፋይልዎን አትመን ወዲያው እናጠፋለን፤ የራስዎን ቅጂ ይያዙ» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ። የደቅ ልጅ ስላለው ነገር ደግሞ፣ ስማርት ስልክ ለሌላቸው ደንበኞች በራሳቸው ፍላሽ ወይም በሚያምኑት ቤተሰብ ስልክ ላይ ልንጭንላቸው ወስነናል፤ ለዚህ አናስከፍልም።

ዛሬ ቀትር ላይ አንድ ደንበኛዬ የነበሩ እናት መጥተው «የልጄን መታወቂያ ባለፈው አትመህልኝ ነበር፤ ጠፍቶበታልና ድገምልኝ» አሉኝ። አጥፍቼዋለሁ ስላቸው ተቆጡ፤ «ምነው ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ዕቃ መሐል አንዲት ወረቀት ማስቀመጥ አቃተህ?» ብለው ሄዱ። ከቀጣዩ ሱቅ ሲገቡ አይቻለሁ።

የቀረኝ የኮፒ ማሽኑ ነው። ያገለገለ ሆኖ የተገዛ ስለሆነ ከእኔ በፊት የማን ወረቀት እንዳለበትም አላውቅም። ፖሊ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ጊዜ ካለህ መፍቻህን ይዘህ ብቅ በልልኝ፤ ቡናው ከእኔ ነው።

ፖሊ_2004 | ዓርብ፣ ማታ 2፡50

9 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። እኔ እስክደርስ ማሽኑን ከሶኬት ንቀለው።